ጠበቁ ወይስ ካዱ?

የቅርስ ጥገና ጉዳይ በክፍላችን በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን “የፈረሰው እንደፈረሰ ይቆይ፣ እጃችን የነካው ቀን ቅርስነቱ ያበቃል” ይላል። ሌላኛው ደግሞ “ጣሪያ የሌለው ቤት ለማን ይጠቅማል? ካልታደሰስ ማን መጥቶ ያየዋል?” ብሎ ይሞግታል። የክፍለ ጊዜው ሰዓት እስኪያልቅ እንዲህ ስንባባል ቆይተን ረቺም ተረቺም ሳይለይ እንወጣለን። እኔም በዚህች ጽሑፍ የራሴን ላዋጣ። ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፤ ማደስ ማለት ያለፈውን መመለስ አይደለም፣ ካለፉት ብዙ ዘመናት ውስጥ አንዱን መርጦ ማሳየት ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ “ይታደስ ወይስ አይታደስ” መሆን የለበትም። “የትኛው ዘመን ተመረጠ? የእነማንስ ዘመን ተተወ? ይህስ ለጎብኚው ተነግሮታል ወይ?” ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ይህን እንድል ያደረገኝ ለአጭር ጊዜ ሥልጠና ወደ ብሪታኒያ በሄድኩበት ወቅት የጎበኘሁት በዌልስ የሚገኝ አንድ ስፍራ ነው። ስሙ ትሬታወር ይባላል። ከክሪክሃውል ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በተራሮች መካከል ያለ ትንሽ መንደር ነው። እዚያ አንድ የፈረሰ የጦር ግንብና አንድ የታደሰ የባላባት መኖሪያ ቤት ጎን ለጎን ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሁለት መቶ ሜትር አይሞላም። በሌላ አነጋገር የክፍላችን ሁለት ጎራዎች የሚከራከሩበት ነገር እዚያ በአንድ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይታያል ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ከግንቡ እንጀምር። ኖርማኖች እንግሊዝን በ1066 ከያዙ በኋላ ፊታቸውን ወደ ዌልስ አዞሩ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይህን ሸለቆ ከያዙት ሰዎች አንዱ ፒካርድ የሚባል ባላባት ነበር። እሱም በ1100 ገደማ አፈር ቆልሎ ጉብታ ሠራና በላዩ ላይ ምሽግ አቆመ። የዘር ሐረጉ በ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንጨቱን በድንጋይ ቅጥር ተካው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ደግሞ በቅጥሩ ውስጥ ያለውን መኖሪያ አፍርሰው ረጅም ክብ ግንብ በመሀሉ ተከሉ። ክብ የመሆኑ ምክንያት ለውበት አይደለም። ማዕዘን ያለው ግንብ በማዕዘኑ በኩል ተቆፍሮ በቀላሉ ይናዳል፣ ተኳሹም ከማዕዘኑ ወዲያ ያለውን ጠላት ማየት ይቸግረዋል። ክብ ከሆነ ግን ለመናድ የሚያመች ጫፍ የለውም።

ይህ ግንብ ዛሬ ጣሪያም ወለልም የለውም። ውስጡ ገብታችሁ ቀና ስትሉ የምታዩት ሰማይ ነው። የእሳት ምድጃዎቹ አንዱ ከሌላው በላይ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥለው ቀርተዋል፤ ከፊታቸው የሚቆምበት ወለል የለም። ከነዚህ ምድጃዎች ግን ስንት ፎቅ እንደነበረና ሰዎች በየትኛው በኩል ይሞቁ እንደነበር መቁጠር ትችላላችሁ። ፈራርሷል፤ ቢሆንም ዋሽቶ ያሳየን ነገር የለም። የሚያውቀውን ያሳያል፣ የማያውቀውን ባዶ ይተወዋል። “ይፍረስ፣ ግን አይነካ” የሚሉ ወንድሞችና እህቶች ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር።

ሁለተኛው መኖሪያ ቤቱ ነው። ጦርነቱ ጋብ ሲል ባላባቶቹ ጨለማና ብርድ ከሚበዛበት ግንብ ወጥተው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጠገቡ ምቹ ቤት ሠሩ። ግንቡም ቢሆን ወዲያው አልተጣለም። ዌልሳዊው ኦወን ግሊንዱር በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ባመጸ ጊዜ፣ በ1403 ጄምስ በርክሊ የተባለ ሹም ይህንኑ ግንብ ይዞ ተከላክሎበታል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቤቱ ሮጀር ቮን በሚባል ዌልሳዊ እጅ ገባ። የሰጠው በእናቱ በኩል ወንድሙ የሆነው ኃያሉ ሰው ዊሊያም ኸርበርት ነው። “ቮን” የሚለው ስም ራሱ “ፊኻን” ከሚል የዌልስ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ “ታናሹ” ማለት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ወራሪ የተከለው ስፍራ በሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ የአገሬው ተወላጅ እልፍኝ ሆነ። ሮጀር ቮን ቤቱን አሰፋ፤ ልጁ ቶማስ ደግሞ በ1480 ገደማ የበር ግንብና ከላይ ሰው የሚመላለስበት ቅጥር ጨመረበት። ቤቱ በግቢው ዙሪያ የተሠራ ነው። ከግቢው ቆማችሁ የእንጨት ሰገነቱን፣ ከአዳራሹ ውስጥ ደግሞ የጣሪያውን የወይራ ወገብ የሚያክሉ የኦክ እንጨት ማገሮች ስታዩ አናጢ የሚባል ሰው ምን ያህል የተከበረ ባለሙያ እንደነበር ይገባችኋል።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ከቮን ዘሮች እጅ በ1783 ተሽጦ የገበሬ ቤት ሆነ። መኳንንት ይበሉበት የነበረው አዳራሽ የእርሻ እቃና ምርት ማስቀመጫ ሆነ። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንዲህ ሲያገለግል ቆይቶ ሊፈርስ ሲደርስ፣ በ1930ዎቹ በአካባቢው የታሪክ ወዳጆች ግፊት ወደ መንግሥት ጥበቃ ገባና መጠገን ተጀመረ። ዛሬ የሚያስተዳድረው የዌልስ መንግሥት የቅርስ መሥሪያ ቤት ነው። ይህ መሥሪያ ቤት በ1984 የተቋቋመ ሲሆን ስሙ “ካዱ” ይባላል። በዌልስ ቋንቋ “መጠበቅ” ማለት ነው። በኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም! ስሙን መጀመሪያ ስሰማ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ነገሩ ቀልድ ብቻ አልሆነብኝም። የታደሰ ቅርስ ያለበት ሁሉ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ይኸው አይደለም ወይ? ያደሱት ሰዎች ጠበቁት ወይስ ካዱት?

አዳራሹና ማዕድ ቤቱ በዚህ በ21ኛው ክፍለ ዘመን የ1470 ገደማ ግብር ቀርቦባቸው እንደሚታዩ ተደርገው ተሰናድተዋል። የእኛን የግብር አዳራሽ ያየ ወይም የሰማ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። የጌታው ገበታ ከላይ በኩል፣ የሌላው ሰው ገበታ ዝቅ ብሎ ነው። ግድግዳው ላይ በሥዕል ያጌጠ የጨርቅ መጋረጃ ተሰቅሏል። በማዕድ ቤቱ ሳህኑ፣ ማሰሮው፣ ድስቱ፣ በርሜሉ ተደርድሯል። ሁሉም አዲስ የተሠራ ቅጂ ነው፤ ቅጂ መሆኑም አይደበቅም። ልጆች እየነኩ ይጫወታሉ። ከዚያ ወጥታችሁ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ስትሄዱ ደግሞ ባዶ ናቸው፤ ድንጋይና እንጨት ብቻ። እኔን የማረከኝ ይኸው ነው። ምን እንደነበረ በቂ ማስረጃ አለን ባሉበት ክፍል አሰናዱት፣ በሌላው ክፍል እጃቸውን ሰበሰቡ።

ይህ አሠራር እንዲሁ በድንገት የመጣ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ በዚሁ ጉዳይ ላይ እንደ እኛ ክፍል ተከራክራለች። ፈረንሳዊው አርክቴክት ቪዮሌ ለዱክ አንድ ሕንጻ ሲታደስ ሙሉ መሆን አለበት፣ ያ ሙሉነት በታሪኩ አንድ ቀን እንኳ ኖሮት ባያውቅም ግድ የለም ባይ ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ረስኪን ደግሞ እድሳትን ከማፍረስ የከፋ ውሸት አድርጎ ይቆጥረው ነበር። የረስኪንን ሐሳብ የተከተለው ዊሊያም ሞሪስ በ1877 ጥንታዊ ሕንጻዎችን ከአዳሾች የሚጠብቅ ማኅበር መሠረተ። (ከአፍራሾች አላልኩም፣ ከአዳሾች ነው ያልኩት!) ክርክሩ መቶ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በ1964 የቬኒስ ቻርተር ወጣና የሚያስታርቅ መስመር አበጀ። ፍሬ ነገሩ ሁለት ነው፤ ግምት በጀመረበት ቦታ እድሳት ይቁም፣ አዲስ የገባውም ነገር ከአሮጌው ጋር ይስማማ እንጂ አሮጌ መስሎ አያታልል። ሁላችንም ለፈተና የሸመደድነው ነው። ሸምድዶ መጻፍና በዓይን ማየት ግን ለየቅል ናቸው።

እዚያው ዌልስ ውስጥ ተቃራኒውን ማየት የሚፈልግ ሰው ከካርዲፍ ከተማ በስተሰሜን ወዳለው ካስቴል ኮኽ ይሂድ። ይህ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ምሽግ ፈርሶ፣ ዛፍ በቅሎበት የቀረ ነበር። ከድንጋይ ከሰል የመጣ የማያልቅ ሀብት የነበረው ሦስተኛው የቢዩት ማርኪስ አርክቴክቱን ዊሊያም በርጅስን ጠርቶ በ1875 ሥራው ተጀመረ። በርጅስ በ1881 ቢሞትም ሕንጻው በ1891 ተጠናቀቀ። ውጤቱ ተረት ውስጥ ያለ ቤተ መንግሥት ይመስላል። ባለ ሹል ጣሪያ ግንቦች፣ ተነሺና ወራጅ ድልድይ፣ በወፍና በእንስሳት ሥዕል የተሞላ ጣሪያ አለው። ጣሪያዎቹ በመካከለኛው ዘመን እንደዚያ ነበሩ ወይ ቢባል ብዙ ምሁራን ይጠራጠራሉ። ታዲያ ይህ ክህደት ነው? እኔ አይደለም እላለሁ፤ እንዴት ቢባል፣ ዛሬ ማንም ካስቴል ኮኽን እንደ 13ኛው ክፍለ ዘመን ምሽግ አያስጎበኝም። የሚጎበኘው ስለ መካከለኛው ዘመን ያልም የነበረ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ባለጸጋ ሕልም ተብሎ ነው። ሕልሙም ራሱ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነው ቅርስ ሆኗል። ስሙ በትክክል ስለተጠራ አይዋሽም።

እስካሁን ያመሰገንኩትን ያህል የማልስማማበትንም ልናገር። ትሬታወር የተመረጠለት ዓመት 1470 ነው ብያለሁ። ይህ ዓመት ምን ዓይነት ዓመት ነበር? በእንግሊዝ ሁለት የንጉሣውያን ቤቶች ዙፋን የሚሻሙበት የጽጌረዳዎች ጦርነት ዘመን ነው። የሮጀር ቮን ወገን የዮርክ ቤት ነበር። ቤቱን የሰጠው ወንድሙ ዊሊያም ኸርበርት በ1469 ተማርኮ አንገቱ ተቀልቷል። ሮጀር ራሱም በ1471 በቼፕስቶው በጃስፐር ቱዶር እጅ ተገድሏል። እንግዲህ በአዳራሹ የምናየው ግብር ወንድሙ በሞተ ማግስትና እሱ ራሱ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው የተቀመጠበት ግብር ነው። ዓመቱን አንድ እርምጃ ወደፊት ብትገፉት ያው አዳራሽ የለቅሶ ቤት ይሆናል። መጋረጃውና ድስቱ ግን ስለ ድግስ ነው የሚያወሩት። አንድ ዓመት መምረጥ አንድ ስሜት መምረጥም እንደሆነ እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን የገበሬዎቹ ነገር ነው። ከ1783 እስከ 1930ዎቹ ድረስ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ይሆናል። ቮኖች በዚያ ቤት የኖሩት ሦስት መቶ ዓመት ያህል ነው። ስለዚህ የገበሬው ዘመን የባላባቱን ግማሽ ያክላል ማለት ነው። ቤቱ ዛሬ የቆመውም በነሱ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ባለ ገንዘብ ገዢ ቢመጣ ኖሮ በዘመኑ ፋሽን አፍርሶ ይሠራው ነበር። ገበሬ ግን ምርቱ እንዳይበሰብስ ጣሪያውን ይደፍናል፣ ከዚያ በላይ ለማፍረስም ለመሥራትም አቅም የለውም። አላዋቂ ቢባልም በሥራው ቅርስ ጠባቂ ሆነ ማለት ነው። ያም ሆኖ ምግብ የቀረበበት ገበታ የተዘረጋው ለባላባቱ ዘመን ነው። ድርቆሹ፣ ሞፈሩ፣ የገበሬዋ እመቤት ቅቤ መናጫ እንደ 1470ው ድግስ በአዳራሹ ተመልሶ አይታይም። በራሱ በ1470ስ ቢሆን? ለዚያ ገበታ ውኃ የቀዳው፣ እንጨት የፈለጠው፣ ሌሊት ምድጃ ሥር የተኛው ሰው ስም የለውም፤ ሮጀር ቮን ግን ስም አለው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው “አንተ ደግሞ ታበዛዋለህ! ጎብኚ የሚመጣው ጌታ ለማየት እንጂ ድርቆሽ ለማየት አይደለም። ገቢ ከሌለ ጥገናም የለም” አሉኝ። እውነት አላቸው፤ ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። በዚያ አዳራሽ ማሰሮ እያገላበጠ የሚስቅ ሕፃንም ከአንድ ገጽ ጽሑፍ የበለጠ ነገር ይዞ እንደሚሄድ አልክድም። እኔ አዳራሹ ይፍረስ፣ ድግሱ ይነሳ አላልኩም። የምለው፣ አንድ ክፍል ለድግሱ ከተሰጠ አንድ ክፍል ለገበሬው ቢሰጥ ምን ይጎድላል ነው። ለነገሩ ድርቆሽ ከብር ሳህን ቅጂ ይረክሳል!

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፣ ምክንያቱም ይህ ትምህርት ክፍል የሚያስመርቀን ነገ በእንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ እንድንቀመጥ ነው። በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጎንደር ፋሲል ግቢ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለወራሪው አስተዳደር አገልግሎት ሲባል በሲሚንቶና በኮንክሪት ተጠግኖ ነበር። አንድ ሰው “ታዲያ መጠገኑ ምን ክፋት አለው?” ሊል ይችላል። ክፋቱ እንዲህ ነው። አሮጌው ግድግዳ የተሠራው በኖራ ነው፤ ኖራ እርጥበትን አስገብቶ መልሶ ያስወጣል። ሲሚንቶ ግን አፍኖ ይይዘዋል፣ የታፈነው ውኃ ከነጨው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የመጡ ጠጋኞች ትልቁ ሥራ የቀድሞ ጠጋኞችን ሲሚንቶ እያነሱ በኖራ መተካት ሆነ። የጥገና ስህተት እንዲህ ነው፤ ለማስተካከል ከመፍረሱ በላይ ይደክማል። የጣሊያኑም ሲሚንቶ ቢሆን ግን የታሪኩ አካል ነው። ሁሉንም ጠርገን ከማውጣታችን በፊት አንዲት ቁራጭ ቦታ ላይ ትተን “ይህን ያደረገው እገሌ ነው፣ በዚህ ዘመን ነው፣ ያስከተለውም ጉዳት ይህ ነው” ብለን ብናሳይ ከብዙ ንግግር የበለጠ ያስተምራል።

መልካም ምሳሌም ከቤታችን አለ። በ2019 ለሕዝብ በተከፈተው የአዲስ አበባው አንድነት ፓርክ ጎብኚው የምኒልክን የግብር አዳራሽ ብቻ አይደለም የሚያየው፤ ደርግ በ1974 የንጉሡን ባለሥልጣናት ያሰረበትን ምድር ቤትም ወርዶ ያያል። ግብሩና እስሩ በአንድ ግቢ ውስጥ። ትሬታወርን ስጎበኝ ያማረኝ እንዲህ ያለው ነገር ነው፤ አንድ ስፍራ ያሳለፈውን ከአንድ በላይ ዘመን ጎን ለጎን ማሳየት።

እናም ነገ አንዳችን በጥገና ኮሚቴ ውስጥ ስንቀመጥ፣ በጀቱና የጨረታው ሰነድ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር እንድንጠይቅ አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ይህን ቅርስ የምንመልሰው ወደ የትኛው ዓመት ነው፣ ለምንስ ያን ዓመት መረጥን? ሁለተኛ፣ በዚህ ምርጫ ከታሪኩ የምናወጣው ሰው ማነው፣ እሱስ የት ይነገርለታል? ሦስተኛ፣ ስለማናውቀው ነገር ባዶ የምንተወው ቦታ አለ ወይ? ለሦስቱም መልስ ያለው ፕሮጀክት ቢታደስም ባይታደስም አያስፈራኝም። መልስ የሌለው ግን ስንት ሚሊዮን ቢወጣበት፣ ቀለሙ ምን ቢያምር፣ ስንት ባለሥልጣን ሪባን ቢቆርጥለት ያው “ካዱ” ነው፤ በዌልስኛ ሳይሆን በአማርኛው።

በሐሳቤ የማትስማሙ በሚቀጥለው እትም እንድትመልሱልኝ እጋብዛለሁ። በተለይ “ይፍረስ፣ አይነካ” የምትሉ ወገኖች ሆይ፣ ስለ ክቡ ግንብ ያልኩትን ያዙልኝ፣ ስለ ቤቱ ያልኩትን ግን ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት። ቸር ይግጠመን።